ሙዚቃን በብዙ ድምፅ ማጉያ በቤት ስለ መስማት

በአያት ሰፈር ቤታቸውን ከሚያደራጁት ቤተ ሰቦች መካከል፥ አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ያለውን፥ ሆም ቴአትር የሚባለውን መሣሪያ የሚገዙ አሉ። ሌሎች ደግሞ፥ ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ሁለት ማጉያ ይበቃዋል፤ የቀረው ገንዘብ ማባከንና ጎረቤት ማወክ ነው ይላሉ። ነገሩ የቤትን ገንዘብና የጎረቤትን ሰላም የሚነካ ስለ ሆነ፥ የሚመስለንን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ድምፅ ሰውን ከየአቅጣጫው ሲከበው መስማት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአያት በሰሜን ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ፥ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ በበዓል ቀን ሊቃውንቱ በቅኔ ማሕሌት በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ ከበሮው በመካከል ይመታል፤ ጽናጽሉም ከየረድፉ ይሰማል። በዚያ የቆመ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ዜማው ከወዴት እንደ ተነሣ ያውቃል። ይህንኑ በአንድ ሣጥን ብቻ ብንሰማው ዜማው አይጠፋም፤ ስፍራው ግን ይጠፋል።

ሁለት ማጉያ ያለው ስቴሪዮ በመካከል ለተቀመጠው ሰው እጅግ መልካም ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱ መካከል የሚወጣ ይመስለዋል። ወደ ዳር ለተቀመጠው ግን የቅርቡ ማጉያ ድምፅ ስለሚቀድምበት፥ ሁሉ ከዚያ ወገን ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። እንግዲህ አባት በመካከለኛው ወንበር ሲደሰት፥ እናትና ልጆች ፍርፋሪውን ይሰማሉ ማለት ነው። በአምስቱ ግን የመካከለኛው ማጉያ የዘፋኙን ድምፅ በስፍራው ስለሚያጸናው የቤቱ ሰው ሁሉ ድርሻውን ያገኛል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር፥ የፊተኞቹ ሁለቱ ከመካከለኛው በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ፥ የኋለኞቹም ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ርቀው እንዲቆሙ ነው። የኋለኞቹ ዋና ሥራ መጮኽ ሳይሆን፥ የአዳራሹን ማሚቶና የሕዝቡን ጭብጨባ ማምጣት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ያልተቀዳውን ሊፈጥር አይችልም። በካሴትና በሲዲ የምናውቃቸው የአገራችን ዘፈኖች ከሁለት መስመር አያልፉም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኳድራፎኒክ የተባለው ባለ አራት ማጉያ አሠራር ወጥቶ፥ ዓይነቱ ስለ በዛና እርስ በርሱ ስላልተስማማ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ስለዚህ በብዙ መስመር የተቀዳ ሙዚቃ ለሌለው ሰው፥ ከአምስት ደካማ ማጉያ ሁለት ብርቱ ይሻለዋል።

ጎረቤትንም ማሰብ ይገባል። በኮንዶሚኒየም አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት ነው፤ ግድግዳን ይበልጥ የሚያልፈውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ሣጥኑን ዝቅ አድርጎ፥ ከጋራው ግድግዳም አርቆ ማኖር የጨዋ ቤተ ሰብ ሥራ ነው። የብዙ ማጉያ ጥቅሙ በጩኸቱ አይደለም፤ በስፍራ በስፍራው የተደለደለ ድምፅ ዝግ ብሎም ይጣፍጣልና።