ሕጉ የት ይኑር?

የድርጅት ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሥራህ ምንድን ነው ለሚሉኝ ሁሉ ቀበሌን ነው የምጠቅሰው። መስኮት ላይ ያለችው ቅጽ ትቀበላለች፣ ኃላፊው ይወስናል፣ መዝገብ ቤቱ ፋይሉን ያስቀምጣል። የኛም ፕሮግራም እንደዚሁ ሦስት ክፍል አለው፦ ስክሪኑ፣ የሥራው ሕግ የሚኖርበት መሃለኛው ክፍልና ዳታቤዙ።

ጣጣው የሚመጣው የመስኮቷ ልጅ መወሰን ስትጀምር ነው። ከባልደረቦቼ ጋር የምንጨቃጨቀውም በዚሁ ነው። "አንድ መስመር ኮድ ናት፣ እዚሁ ስክሪኑ ላይ ትግባ" ይሉኛል።

እስቲ ጳጉሜን እዩዋት። 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ትሆናለች፤ ለምሳሌ በ2015። ቀኑን ከፈረንጅ ወደ እኛ የሚቀይረውን ኮድ አንዱ ስክሪኑ ላይ ጻፈው፣ ሌላው ሪፖርቱ ውስጥ ደገመው እንበል። የሪፖርቱ ጳጉሜ 6ን ካላወቀ ያን ቀን መስከረም 1 ብሎ ይቆጥረዋል። መስከረም 1 ሊከፍል የተዋዋለ ተበዳሪ ደግሞ በማግስቱ፣ በትክክለኛው ቀን፣ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ "አሳልፈሃል" ይባላል። ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም።

ክፍሎቹን ለዩ ማለት ግን በየሰርቨሩ በትኗቸው ማለት አይደለም። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ኦብጀክቶቻችሁን በየማሽኑ አትበትኑ ብሎ መክሯል። በኔትወርክ የሚደረግ ጥሪ እዚያው ማሽን ውስጥ ከሚደረገው እጅግ ይዘገያልና። ከቢሮ ቢሮ መመላለስን ማን ይወዳል?

እናንተም ኮዳችሁን ክፈቱና ሕጉ ስንት ቦታ እንደተጻፈ ቁጠሩ። ከአንድ ከበለጠ፣ እስከ ቀጣዩ ጳጉሜ 6 ጊዜ አላችሁ።