ብረት የሚበላ ጨው

«ጨው? የምን ጨው?» አለች እናቴ በስልክ።

«የምንበላው ጨው ነው እማዬ። አንኳሩ፣ ያልተፈጨው። በመኪና እየዞሩ መንገዱ ላይ ይበትኑታል።»

«ለምን ሲሉ?»

«በረዶው እንዲቀልጥ።»

ጥቂት ዝም አለችና «እግዚኦ! ምን ዓይነት የጠገበ አገር ነው!» አለች።

እናቴ ጨው በእፍኝ ከጎረቤት ተበድራ ወጥ የሠራች ሴት ናት። የእሷ እናት ደግሞ አሞሌን በዓይኗ አይታለች፤ ያ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ መቀሌ የሚወጣውን፣ ከዚያም በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረውን ጨው። እንዲህ ላለ ቤተሰብ፣ የሚኒሶታ ግዛት ሠራተኞች በብርቱካናማ የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ጨው ሲዘሩ ያድራሉ ብሎ መንገር ተረት ማውራት ነው። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን በመስኮት ቆሜ ስመለከት የታየኝ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ነበር። የሚበቅለው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ ታላቅ ወንድሜ ፒክአፕ ልጽፍ ነው የተነሣሁት። ጋሼ ነው የምለው፤ እናታችን ካወጣችለት ስም ይልቅ ይህ አፌ ላይ ይቀርባል። ጋሼ ያቺን መኪና በ2016 እ.ኤ.አ. ሲገዛት አምስት ዓመት ያገለገለች፣ ቀለሟ ያልጠፋ፣ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች። በሳምንቱ ቀናት ሥራ ይሄድባታል፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለሚቀይሩ አበሾች ፍራሽና ሶፋ ያመላልስባታል። ዋናው አሳቡ ግን ሌላ ነው። መኪናዋን አንድ ቀን በመርከብ አስጭኖ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለችው የአባታችን ቦታ ሊወስዳት ነው። ላሞች ሊያረባ፣ ወተቱን በስፖንዳዋ ጭኖ ሊያወርድ። ይህን እቅድ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዴ የላሞቹ ስም ጭምር ይነገረኛል።

ታዲያ ሰው የሚሳሳለትን ነገር እንዴት እንደሚጠብቅ ካላወቀ ፍቅሩ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጋሼ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መኪናዋን እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዛት። ሰም ይቀባታል፤ መስታወቷን በጋዜጣ ይወለውላል፤ ቸርኬዋን በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። ከሥሯ ግን አንድም ቀን ተንበርክኮ አላያትም። እኛ ባደግንበት ሰፈር የመኪና ጠላት አቧራና ኮረኮንች ነው፤ ላቫጆ የሚያጥቡት ልጆችም ደንበኛ የሚያስደስተውን የላይኛውን ነው የሚያሳምሩት።

ነገሩ ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፤ ጨው ሲገባበት ከዜሮ በታችም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ተራው የማዕድን ጨው ከዜሮ በታች እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ደህና ይሠራል። ብርዱ ከዚያ ሲብስ ማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላላቸው ብረት ላይ ከተለጠፉ ቶሎ አይደርቁም። ብረት መቼም ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ያለ ጨውም ይዝጋል። ዝገት ማለት በብረቱ ገጽ ላይ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚደረግ የረቀቀ የኤሌክትሪክ ጉዞ ነው። ጨዋማ ውሃ ለዚህ ጉዞ አስፋልት ያነጥፍለታል። ሌላ አገር አሥራ አምስት ዓመት የሚፈጀው እዚህ በአምስትና በስድስት ክረምት የሚያልቀው ለዚህ ነው። (ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው። እናቴ «በክረምቱ እንዴት ናችሁ?» ስትለኝ እሷ ዝናብ እያሰበች፣ እኔ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እየነገርኳት ስንት ጊዜ ተላልፈናል።)

ጨው በመንገድ ላይ መበተን ጥንታዊ ልማድ አይደለም። ኒው ሃምፕሸር የተባለችው ግዛት በ1938 እ.ኤ.አ. ሞከረችው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየቦታው ተስፋፋ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይበተናል። ዲትሮይት ከተማ ሥር፣ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ትልቅ የጨው ማውጫ ዋሻ አለ። መኪና በሚሠራባት ከተማ ሥር መኪና የሚበላው መቆፈሩ ይገርመኛል፤ እነሱን የሚገርማቸው ግን አይመስለኝም። የአሜሪካ መኪና ባለቤቶች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በመንገድ ጨው ሳቢያ የሚመጣ ዝገት ባለመኪናዎቹን በአምስት ዓመት ውስጥ 15.4 ቢሊዮን ዶላር እንዳስወጣቸው ገልጿል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በሦስተኛው ዓመት ከኋላ ጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ቀለሙ እንደ ብጉር አበጠ። ጋሼ በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ተሰበረ፤ ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ወጣ። ደነገጠና አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ስሙን አልጠራም። ጋራዡ ብዙ ዶላር ተቀብሎ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ በሙሉ እንደ ጎማ በሚደርቅ ጥቁር ወፍራም ቅብ ለደፈነው። ጋሼ ስልኩ ላይ ያነሣውን ፎቶ ለአገሩ ሰው ሁሉ ላከ፤ ከሥር ስትታይ አዲስ ነበረች። ችግሩ ቅቡ የተቀባው በዝገቱ ላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቅብ በደረቅና በንጹሕ ብረት ላይ ሲሆን ይጠብቅ ይሆናል፤ ጥቂት ሲሰነጠቅ ግን ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባና በሩን ይዘጋበታል። ቁስል ሳይጠርግ በፕላስተር እንደ መሸፈን ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ በዚያ ወር ተወርውሮ የማያውቅ በረዶ ወረደ፤ አንድ ሜትር ያህል። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ቁልቁለት ላይ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ። ጋሼ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። የመኪና ፍሬን ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ግማሽ ፍሬን በበረዶ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ የሞከረው ያውቀዋል። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አዞረ፤ የተቆለለ በረዶ ውስጥ ተሰክተን ቆምን። አንዲት ሴትዮ ሕፃን በጋሪ ይዛ ከፊታችን ተሻገረች። ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። መጥረጊያው ብቻ ደረቅ መስታወት ላይ ይንቋቋል።

የኋላው የፍሬን ቱቦ ነበር የፈነዳው። እርሳስ የማታክል የብረት ቱቦ፣ ከዚያ ጥቁር ቅብ ሥር ተቀምጣ፣ ስትበላ ከርማለች። እንግዲህ ይህ የእኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ያረጁ መኪናዎች ያሏቸው ሰዎች የፍሬን ቱቧቸውን እንዲያስመረምሩና የመኪናቸውን ሥር አዘውትረው እንዲያጥቡ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኛ አገር «አይሞትም» የሚባለው ቶዮታ እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ ኩባንያው በ2016 እ.ኤ.አ. የአንዳንድ ፒክአፖቹ ሻንሲ በዝገት ተበላ ብለው ለከሰሱት ሰዎች ሻንሲ እስከ መለወጥ የሚደርስ ስምምነት አድርጓል። ይህን ስነግረው ጋሼ ትንሽ የተጽናና መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት የጀመረው። አስተማሪው ጎረቤቱ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የወተት ላም አርቢ። ጋሼ ለምን እንደሚወዳቸው መናገር አያስፈልግም። ሽማግሌው ክሪክ ይዘው መጡ፤ መኪናዋን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዘው ሥሯ ገቡና ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ እየነኩ ሄዱ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተበላው «ዱፍ» ይላል። በሦስት ቦታ «ዱፍ» አለ። ጥቁሩን ቅብ በካቻቢቴና በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የተበሳውን ቦታ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ላሜራ ደርቦ ሠራው፤ የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ በማይዝግ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ተተኩ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመኪናቸው ሥር ረጭተው በአቧራ መንገድ ይነዱ እንደነበር አጫወቱን። ዘይቱና አቧራው ተጋግሮ ቅርፊት ይሆንና ጨው አያስጠጋም። «አሁን አታድርጉት፤ አፈሩንና ውሃውን ይመርዛል» አሉ። ዛሬ ጋሼ የሚጠቀመው ከበግ ጠጉር የሚወጣ ላኖሊን የተባለ ቅባት ያለበትን ነው። በጉ ከዝናብ የሚጠበቅበት ቅባት መሆኑ ነው። አይደርቅም፣ አይሰነጠቅም፤ ቀስ እያለ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ጉዳቱ ታጥቦ ማለቁ ነውና በየዓመቱ መደገም አለበት።

የሚረጨው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ነው፤ ጨው ሳይጀመር፣ መኪናዋ ታጥባ በደንብ ከደረቀች በኋላ። ከላይ የሚታየው ብረት ቀላሉ ነው። ዋናው ሥራ የማይታየው ነው፦ ሻንሲው ውስጡ ባዶ ስለሆነ በየቀዳዳው ረጅም ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መርጨት፣ የበሮቹ ሆድ፣ ከበሩ ሥር ያለው መርገጫ፣ የጋቢናው የኋላ ማዕዘን፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት፣ ከስፖንዳው ሥር ጭቃ የሚጠራቀምበት ጉሮሮ። የፍሬን ዲስክ ላይ እንዳይደርስ መሸፈን ግድ ነው። በበሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ ፈጽሞ መደፈን የለባቸውም፤ ያ የተረገመ ጋራዥ አራቱንም ደፍኗቸው ነበር።

ማጠቡም ወግ አለው። ብርዱ ትንሽ ለቀቅ ባለ ቀን፣ ከዜሮ በላይ ሲሆን፣ ከሥር በኩል ውሃ የሚተፋ ላቫጆ ይኬዳል። በጃንዋሪ አንድ ሞቅ ያለ ቀን ከመጣ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው፤ ሰልፉ የድሮ የስኳር ሰልፍ ያስታውሰኛል። ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር ቢኖር የሚሞቅ ጋራዥ ነው። ጨው የለበሰ መኪና ሙቀት ውስጥ ማሳደር ለመኪናው ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ዝገት በብርድ ይዘገያል፣ በሙቀት ይፈጥናል። ሳያጥቡ ከማሞቅ ውጭ ማሳደሩ ይሻላል። በጫማ የሚገባው በረዶም ከምንጣፉ ሥር ቀልጦ ወለሉን ከውስጥ ይበላል። ባትሪ ላይ ተሰክቶ «ዝገት ያባርራል» ተብሎ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ዕቃም አለ። ለመርከብና ለተቀበረ ቧንቧ፣ ማለትም ውሃ ወይም እርጥብ አፈር ውስጥ ለሚኖር ብረት የሚሠራ ጥበብ ነው፤ አየር ላይ ለሚሮጥ መኪና ግን ገንዘብ መጣል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከመኪናው ያጠብነው ጨው የትም አይጠፋም። የሚኒሶታ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውሃ እስከ ወዲያኛው ይበክላል ይላል፤ ግዛቲቱ ደግሞ የምትኮራው በሐይቆቿ ነው። ጨው አንዴ ከገባ ማውጫ ዘዴው አይታሰብም። ለፒክአፕ ይህን ያህል ማልቀሴ ከሐይቆቹ አንጻር ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ያለ ጨው ያቺ ጋሪ የምትገፋ ሴትዮም፣ እኛም በዚያ ቁልቁለት ምን እንሆን እንደነበር አስባለሁ።

የጋሼ እቅድ ምን ደረሰ? በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣና ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ተጣለ። ጋሼ «ይሻሻላል» አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ተሰማ። ዜናውን ስልኩ ላይ ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ። ፒክአፕ አውቶሞቢል ይባላል አይባልም ብለን እኩለ ሌሊት ድረስ ተከራከርን። በማግስቱ ክርክሩን አላነሣውም። የላሞቹንም ስም ከዚያ ወዲህ ሲጠራ አልሰማሁትም።

ጥቅምት ሲመጣ ይተወዋል ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ቀሰቀሰኝ። ወጣሁ። እግሩ ብቻ ከመኪናዋ ሥር ይታያል።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለማን ብለህ ነው?»

«ፍሬኑ የኔ ነው» አለ ከሥር። «ይልቅ ባትሪውን ወዲህ አብራልኝ።»

ተንበርክኬ አበራሁለት። የበግ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል፤ የረጠበ በግ። ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ጋሼ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«መኪናውን ቅባት እየቀባ ነው።»

«ቅቤ?»

«የበግ ቅባት፣ እማዬ።»

«ለብረት?» አለችና ትንሽ አሰበች። «አናቱንም ትንሽ ይቀባ በለው፤ ባለፈው በፎቶ ሳየው ጸጉሩ ደርቋል።»

ጋሼ ከሥር ሆኖ ሲስቅ መዶሻው ከእጁ ወድቆ ሻንሲውን መታው። እንደ ደወል ጮኸ።