እጃችን በሊጥ ሲያዝ

በየቤተ ክርስቲያኑ በሚዘጋጁ የባለትዳሮች ጉባኤዎች ላይ ከመምህራን አፍ የማትጠፋ አንዲት ምክር አለች። “ባልና ሚስት ብቻችሁን የምትሆኑበት ሰዓት ይኑራችሁ” ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው። ተከትሎ የሚመጣው ምሳሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል ገብቶ እራት መብላት ነው። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በልቤ እደምራለሁ፤ ታክሲ፣ ሁለት ሳህን ምግብ፣ ሁለት ለስላሳ፣ ልጆቹን ለሚጠብቅልን ሰው የሚሰጥ። ደግሞም የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ እህቶች ታውቁታላችሁ፤ ሆቴሉም ውስጥ ቢሆን አንድ ምእመን አይጠፋም። ሰላምታው ወደ ጸሎት ርዕስ፣ የጸሎቱ ርዕስ ወደ ምክር ይሄድና ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ሰዓት ነው። በእኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴና እኔ ማዕድ ቤት ገብተን በር እንዘጋለን። አይብ የተሞላ ፓስታ እንጠቀልላለን፣ በዘይት እንጠብሳለን። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንግዳ ስለማይጠፋ ከምሳ በፊት መቆያ ይሆናል። ሥራው ረጅም ነው። የወደድሁለትም ስለዚህ ነው።

ምግቡን ያስተማረችኝ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። በዚያች ከተማ “ዘ ሂል”፣ ማለትም “ኮረብታው” የሚባል ሰፈር አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው የሸክላ አፈር ጉድጓዶችና የጡብ ፋብሪካዎች ሊሠሩ የመጡ የጣሊያን ስደተኞች የሰፈሩበት ነው። ራቪዮሊ የሚሉት፣ በስስ ሊጥ መካከል ሥጋ ወይም አይብ የሚሞላበት ፓስታ፣ እንደ ልማዱ በውሃ ተቀቅሎ ነው የሚበላው። እነዚህኞቹ ግን በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ለውሰው በዘይት ይጠብሱታል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ምግብ አብሳይ ሳያስበው ራቪዮሊውን ዘይት ውስጥ ከትቶት ነው የተጀመረው ይባላል። ከአንድ በላይ ምግብ ቤት “የእኔ ነው” ስለሚል ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ስሙን በእንግሊዝኛ “ቶስትድ ራቪዮሊ” ይሉታል፤ ቶስት ግን የተደረገ ነገር የለም፣ በዘይት የተጠበሰ ነው። የእኛ “ጠበሰ” ዳቦውንም ሥጋውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ከዚህ ክርክር ነጻ ነን።

እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ሥጋ ነው። የእህቴ ግን የአይብ ነው፤ ለእኛ አገር ማዕድ ቤትም የሚስማማው እሱ ነው። ጣሊያኖች ሪኮታ በሚሉት ለስላሳ አይብ ፈንታ የእኛን አይብ እንጠቀማለን። የእኛ አይብ እሳት ሲነካው አይቀልጥም፤ ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። እንዲሳብ ከፈለጋችሁ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ ትጨምሩበታላችሁ። መጠኑ 250 ግራም የተጨመቀ አይብ፣ 100 ግራም የሚቀልጥ ፎርማጆ፣ አንድ የእንቁላል አስኳል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ደረቅ በሶብላና ጨው ነው። ፎርማጆው ራሱ ጨው ስላለው ጨዉን ቀምሳችሁ ጨምሩ።

“የተጨመቀ” ያልሁትን በቀላሉ አትለፉት። አማቴ ከገጠር መጥተው የሰነበቱ ጊዜ ባለቤቴን ሽርጥ ታጥቆ አገኙት። በእሳቸው አገር ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም። በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ “ልጄን ማጀት አስገባሽው?” አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ሐዘንም ነበረበት። እሱ መልስ ሳይሰጥ ዱካ ሳበላቸው። ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እሱ ያዘጋጀውን አይብ በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ “ይኼ እኮ አጓቱ አልወጣም!” አሉ። የነጠላ ቁራጭ አስመጡና አይቡን ቋጥረው እንደ ልብስ ጠመዘዙት። ሙሉ የቡና ስኒ አጓት ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን አይብ በእሳቸው ልክ ነው የሚጨመቀው። ስለ ማጀቱ ዳግመኛ አላነሡም፤ ተቀብለውት ይሁን ተስፋ ቆርጠው ግን አልጠየቅኋቸውም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ዘፍጥረት 18ን ስንማር የብዙዎቻችን ዓይን የሚያርፈው ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ በሳቀችው ሳቅ ላይ ነበር። ምግቡን የሚያይ የለም። ሣራ ዱቄቱን ስታቦካ አብርሃም ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃ መረጠ፤ እርጎና ወተቱን ያቀረበውም፣ ሲበሉ አጠገባቸው የቆመውም እሱ ነው። ለአማቴ ይህን አንብቤላቸው ነበር። “እሱ ሽማግሌ ነው፣ ይፈቀድለታል” አሉኝ።

ወደ ሊጡ እንመለስ። ለ400 ግራም የፎርኖ ዱቄት 4 እንቁላልና ትንሽ ጨው ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 5 አድርጉት። 10 ደቂቃ ያህል ጠንክራችሁ እሹትና ሸፍናችሁ ለግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ እየተሳበ ይመለሳል። ከዚያ በመዳመጫ የጠረጴዛው ልብስ አበባ በደብዛዛው እስኪታይ ድረስ አሳሱት። በውሃ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። መሐሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ አይብ አድርጉና፣ ጠርዙን በውሃ አርሳችሁ እንደ ግማሽ ጨረቃ እጠፉት። ሳምቡሳ የጠቀለለች እጅ ይህን አታጣውም። አየሩን ከአይቡ ጀምሮ ወደ ውጭ በጣት ግፉት፤ ከዚያ ጠርዙን በሹካ ተጫኑ። ውስጡ የቀረ አየርና ውሃ ዘይት ውስጥ ሲሞቅ ተስፋፍቶ ስፌቱን ይከፍተዋል፤ አይቡም ወጥቶ ዘይቱን ያበላሸዋል። 40 ገደማ ይወጣችኋል።

አሁን ሁለት ሰው ወደሚያስፈልግበት ደረስን። ሦስት ሳህን ደርድሩ፤ በአንዱ ዱቄት፣ በአንዱ የተመታ እንቁላል ከትንሽ ወተት ጋር፣ በአንዱ ደቅቆ የተነፋ የደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ። ኮቶሌት የሠራ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። እንቁላል የነካ እጅ ፍርፋሪውን ከነካ ጣቶቻችሁ ራሳቸው ኮቶሌት ይሆናሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ግራ እጁን ለእርጥቡ፣ ቀኝ እጁን ለደረቁ ይለያል። በእኛ ቤት ግን እርጥቡ የእኔ ነው፣ ደረቁ የእሱ። እኔ እንቁላል ውስጥ ነክሬ እጥልለታለሁ፣ እሱ ፍርፋሪውን ያለብሰውና ትሪ ላይ ይደረድራል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ ሥራ የሰጠኝን ነገር ሌላ ቦታ አላገኘሁትም፤ ስልክ ሲጠራ ማንሣት አይቻልም። የባለቤቴ ስልክ ለቅሶ ቤትም፣ እራት ላይም፣ ሌሊትም ይጠራል፤ መነሣትም አለበት። እኔም ለዚህ ጥሪ አብሬው ታጭቻለሁ፣ ቅር አይለኝም። ግን ሰው ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ከተጋባሁት ሰው ጋር የጀመርሁትን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ የምቀርበት ቀን ብዙ ነው። እጁ በፍርፋሪ ተለውሶ ስልኩ ሲጠራ ግን እናያያለን፣ ጥሪው ያልቃል፣ ወሬአችንም ይቀጥላል። ስለ ልጃችን ትምህርት የተስማማነውም፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳናነሣው የከረምነውን የአባቴን ሞት ያወራነውም እዚያ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ “እስቲ እንነጋገር” ሲባል የማይወጣ ቃል፣ ዓይን ሳህን ላይ ሲሆን ይወጣል። ይህ በተለይ ለወንዶች ይመስለኛል።

አንድ ስምምነት አለን። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከጠራ እጅ ታጥቦ ይነሣል።

የለወሳችሁትን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፍርፋሪው ይይዛል፣ አይቡም ቶሎ አይፈስም። ለመጥበስ ሰፊ መጥበሻ አትምረጡ። ዘይት በዚህ ዋጋ! ጠበብና ጠለቅ ያለች ድስት ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘይት አድርጉ። እህቴ የላከችልኝ መመሪያ ዘይቱ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን ይላል። ሴንት ሉዊስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 150 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ምግቡ ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ ይፈላል፣ ውስጡ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ ውጩ ቀድሞ ይጠቁርባችኋል። ዘይቱን ወደ 165 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩበት። ቆላ ያላችሁ አንባቢያን የእህቴን መመሪያ መከተል ትችላላችሁ። መለኪያ የሌላችሁ የዳቦ ፍርፋሪ ጣል አድርጉ፤ ዝም ብሎ ከሰጠመ ገና ነው፣ ወዲያው ጠቁሮ ከጨሰ አልፏል፣ እያፎለለ ቀስ ብሎ ከቀላ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም 6 በላይ አትጨምሩ፤ ብዙ ከሆነ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ፓስታው ዘይት ይጠጣል። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ድንገት ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑት። ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገባችሁ ይሁን።

ማጥቀሻው ሱጎ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ የተላጠ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ 20 ደቂቃ። እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ አደርግበታለሁ። እህቴ “ጣሊያኖቹ ቢሰሙሽ!” ትለኛለች፤ ጣሊያኖቹ ግን እሑድ እኛ ቤት አይመጡም።

እሑድ የሚመጡት እንግዶች ሁሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አይደሉም። በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሁዳዴ 55ቱንም ቀን ይጾማሉ። ቡናቸውን ይዘው ሲመጡ “ለእኔ አትቸገሪ” እያሉ ባዶ እጃቸውን ይቀመጡ ነበር። ይህ ደስ አላለኝም። አሁን ለእሳቸው ሊጡን በውሃና በጥቂት ዘይት ብቻ አቦካለሁ፤ ምስር ወይም ቆስጣ ከድንች ጋር እሞላበታለሁ። በእንቁላሉ ፈንታ ቀጠን ባለ የዱቄትና የውሃ ብጥብጥ እነክርና ዳቦውን አለብሰዋለሁ። ዘይቱ ንጹሕ ሳለ የእሳቸው ቀድሞ ይጠበሳል፣ ለብቻው ሳህንም ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀን አንዱን አንሥተው ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ “በየትኛው ዘይት ነው?” አሉኝ። ነገርኋቸው። በሉ። በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ራሳቸው የናጡትን አይብ በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ፤ አጓቱ ጠብ የማይል፣ አማቴ እንኳ እንከን የማያገኙበት።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ግማሹን ለውሰን ሳለ ስልኩ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጠራ። አንዲት የጉባኤያችን እናት ሆስፒታል ገብተው ነበር። ባለቤቴ እጁን ታጠበ፣ ጃኬቱን አነሣ፣ በር ላይ ደርሶ ወደ ትሪው ዞር ብሎ አየና ሄደ። የቀሩትን በግራ እጄ ነክሬ በቀኝ እጄ ለወስኋቸው። ከዚያ ትሪውን እንዳለ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስገባሁ። ይህም ማወቅ የሚገባችሁ ነገር ነው፤ ተነጣጥለው ትሪ ላይ ከደረቁ በኋላ ፌስታል ውስጥ ቢሰበሰቡ ለሁለት ወር ያህል ጣዕማቸውን ይዘው ይቆያሉ። ሲጠበሱ በረዶው እስኪሟሟ አትጠብቁ፤ ሊጡ ይረጥብና ይጣበቃል። በቀጥታ ወደ ዘይቱ፣ እሳቱን ትንሽ ቀነስ አድርጎ፣ ከ4 የማይበልጥ በአንድ ጊዜ፣ እስከ 5 ደቂቃ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሴትየዋ ተሽሏቸው ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እሱም ከቁርስ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ስምንት አወጣሁና ድስቷን ጣድሁ፤ እሱ ስልኩን ሳሎን ትቶ መጣና ሳህን ያዘልኝ።