ክኒኑን ሳይሆን ሰዓቱን ረሳን

ከእናንተ መካከል የስኳር በሽታ ያለባት እናት ወይም ያለበት ባለቤት ያላችሁ ጥቂቶች እንደማትሆኑ እገምታለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ ቤቴ የደረሰውንና ጥፋቱም የእኔው የነበረውን ነው።

የስድሳ አራት ዓመቷ እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አለባት። ኢንሱሊን አትወጋም፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የተባሉ ክኒኖች ትውጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ እያወቅሁ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ» ብያት ሄድኩ። አልረሳችም፤ በባዶ ሆዷ ዋጠችው።

አምስት ሰዓት ገደማ ልጄ ደወለችልኝ። አያቷን ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሯም አይያያዝም። እኔም «ስኳሯ ጨምሮ ይሆናል፣ ጣፋጭ ነገር እንዳታቀምሻት» አልኳት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ይዘገንነኛል። ደግነቱ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸውና ደረሱላት። መዋጥ መቻሏን አይተው፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፍስ ዘራች። ምግብ ቀማምሳ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፤ የግሊቤንክላማይድ ኃይል ቶሎ ስለማያልቅ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና።

እኚህ ሴት በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፤ ሆድ እንዳይረብሽ ግን ከምግብ ጋር ይዋጣል። ግሊቤንክላማይድ ግን ምግብ ኖረም አልኖረም ጣፊያን ሳይሆን ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን ያስመነጫል። ምግቡ ከቀረ የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ይወርድና አንጎል ይራባል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ፣ ይህ ክኒን ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ አመልክቷል። ሐኪሙም የእናቴን ክኒን ለወጠላት።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ይህን ሰምታችሁ ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ። ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ አስቀድማችሁ ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ ተማከሩ። የንስሐ አባትም ቢሆኑ ለሕመምተኛ የሚሉት አላቸው። አንድ ጊዜ የተረሳን ክኒን ለማካካስ ሁለት አትዋጡ። ለጎረቤት የታዘዘ ለእናንተ አይሆንም። ለሌላ ሕመም ስትታከሙም የስኳር መድኃኒት እንደምትወስዱ ተናገሩ፤ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኝ ስኳርን አብዝቶ ሊያወርድ ይችላል።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ሲታይ ቶሎ ስኳር በጥብጣችሁ አጠጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሕክምና አድርሱት። ይህንንም ለልጆቻችሁና ለቤት ሠራተኛችሁ አስተምሩ፤ እኛ ሥራ ላይ ስንሆን ቤት ያሉት እነርሱ ናቸውና።

እኔም አሁን ከቤት ስወጣ ስለ ክኒኑ ከመጠየቄ በፊት «እማዬ፣ ቁርስ በልተሻል?» እላታለሁ።