ቃልን ማክበር

የሥራ መሪ ሕንጻ ሊያሠራ፣ መሣሪያ ሊገዛ፣ ደንብ ሊያወጣ ይችላል። የሠራተኛውን እምነት ግን በገንዘብ ሊገዛው፣ በትእዛዝም ሊያስገኘው አይችልም። እምነት የሚወለደው ከተፈጸመ ቃል ነው። አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት እንዴት እንደሚመለስ፣ ከተመለሰም በኋላ እንዴት እንደገና ሊጠፋ እንደሚችል ለመረዳት በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በማኬሬሬ ኮረብታ ላይ የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 አናጢነት፣ ግንበኝነትና መካኒክነት የሚማሩ 14 ተማሪዎችን ይዞ የተከፈተ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። እያደገ ሄዶም እ.ኤ.አ. በ1970 ራሱን የቻለ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬና የኬንያው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የተማሩበት ስፍራ በመሆኑ ስሙ በምሥራቅ አፍሪካ የገነነ ነበር። በዚያ ማስተማርም እንደ ታላቅ ክብር ይቆጠር ነበር።

ይህ ክብር ግን ሳይደፈር አልቆየም። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1971 ሥልጣን በያዘ በማግሥቱ ዓመት የዩኒቨርሲቲው መሪ ፍራንክ ካሊሙዞ በወታደሮች ተወስደው በዚያው ቀሩ። ብዙ መምህራንም ለሕይወታቸው በመስጋት አገር ጥለው ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 አሚን ከወደቀ በኋላ እንኳ የዩኒቨርሲቲው ችግር አላበቃም። የገንዘብ ዋጋ እየወደቀ በመሄዱ የመምህሩ ደመወዝ ወሩን የማያደርስ ሆነ። መምህሩ ከክፍል እንደወጣ ኑሮውን ለመደጎም ወደ ሌላ ሥራ ይሮጥ ጀመር። ይህ ስንፍና አልነበረም፤ ልጆቹን ማሳደር ነበረበት። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1989 መምህራኑ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ እንዲከፈላቸው በመጠየቅ ሥራ አቆሙ።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ግን አዲስ መንገድ ተቀየሰ። ዩኒቨርሲቲው መንግሥት ከሚያስተምራቸው ሌላ፣ ራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበልና በማታም ማስተማር ጀመረ። ጆን ሴቡዉፉ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2004 ተቋሙን በመሩበት ዘመን ከክፍያው የሚገኘው ገቢ ሁሉ ወደ ማዕከል ገብቶ አልቀረም፤ አንዱ ድርሻ ገቢውን ላስገኘው ፋኩልቲ ይመለስ ነበር። መምህሩ ለተጨማሪ ድካሙ ተጨማሪ ክፍያ አገኘ። በአሥር ዓመት ውስጥም የተማሪው ቁጥር በእጅጉ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የገንዘቡ መጨመር ብቻ አይደለም። መምህሩ የላቡን ዋጋ በዓይኑ አየ፤ ፋኩልቲውም በገቢው አጠቃቀም ላይ ድምፅ አገኘ። የሥራ ፍቅር የተመለሰውና የመምህሩ እግር ወደ ክፍሉ የቀናው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም አንዱን ስብራት የጠገነው መላ ሌላ ስብራት አመጣ። ብዙ ከፋይ ተማሪዎች ያሉት ፋኩልቲ ሲበለጽግ ሌላው ወደ ኋላ ቀረ። ማህሙድ ማምዳኒ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርት ወደ ገበያ ሸቀጥነት መለወጡን አጥብቀው ነቀፉ። ከዚያም ለመምህራኑ ሊከፈል የተገባው የማበረታቻ ገንዘብ ለብዙ ወራት ሳይከፈል በመቅረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ። በዚሁ ዓመት ኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ዩኒቨርሲቲው እንዲዘጋ አዘዙ፤ የተከፈተውም በሚቀጥለው ዓመት በ2017 መጀመሪያ ነው። እምነትን መልሶ የገነባው ተጨማሪ ክፍያ ቃሉ ሲታጠፍ እምነትን የሚያፈርስ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ፋብሪካ የሚመራ ሥራ አስኪያጅም ሆነ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ነጋዴ እምነትን ለመመለስ ሲነሣ አስቀድሞ የደረሰውን በደል ሳይሸፋፍን ሊያምን ይገባዋል። ቀጥሎም ያለውንና የሌለውን ለሠራተኛው በግልጽ ማስረዳት አለበት፤ የድርጅቱን ችግር በጊዜው የሰማ ሠራተኛ ችግሩን ለመካፈል አይሰስትም። ከድርጅቱ ትርፍ የሚደርሰው ድርሻም ለሁሉም በሚታይ ሚዛን ሊሰፈር ይገባል፤ አለዚያ በመሪውና በሠራተኛው መካከል የነበረው ቅራኔ ወደ ሠራተኞቹ መካከል ይዛመታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሪው ሊፈጽመው የማይችለውን ተስፋ መስጠት የለበትም። የተፈጸመ ትንሽ ቃል ከታጠፈ ትልቅ ቃል ይሻላል። አበው «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ማለታቸው የቃልን ክብደት ስለሚያውቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የማኬሬሬ ዋና ሕንጻ በእሳት ተቃጠለ። በ1941 የተሠራው ይህ ሕንጻ ከዓመታት ሥራ በኋላ በቀድሞው መልኩ ታንጾ በ2024 ዳግም ተከፈተ። ለተቃጠለ ሕንጻ ንድፍ ይገኝለታል፤ ግንበኛም ይቀጠርለታል። ለፈረሰ እምነት ግን የሚቀጠር ግንበኛ የለም። ያንን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያኖረ፣ ቃሉን ዕለት በዕለት እየፈጸመ መልሶ መገንባት ያለበት መሪው ራሱ ነው።