ለእስረኛ የተጻፈ ዘፈን

«ኬር ኦፍ ሴል ፎርቲ ፎር» የሚባለውን የእንግሊዞች ዘፈን የሚያውቅ ሰው በዲፓርትመንታችን ብዙ ያለ አይመስለኝም። ርእሱ የደብዳቤ አድራሻ ነው፤ «በ44 ቁጥር ክፍል በኩል ይድረስ» እንደማለት። ክፍሉ ደግሞ የወህኒ ቤት ነው። አንድ ወንድ ልትፈታ ለተቃረበች ፍቅረኛው ይጽፋል። ዜማውን ብቻ የሰማ ሰው ግን የሠርግ ዘፈን ነው ቢል አይፈረድበትም።

ደራሲው ሮድ አርጀንት፣ ከለንደን በስተሰሜን ከምትገኘው ሴንት አልባንስ የወጣው የ«ዞምቢስ» ቡድን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ቡድኑ በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ሺ ኢዝ ኖት ዜር» በሚለው ዘፈን ስም አውጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገበያው ቀዘቀዘበት። በ1967 ሲቢኤስ ኩባንያ ለአንድ ሙሉ አልበም 1,000 ፓውንድ ሰጣቸው። በዚህ ገንዘብ ስቱዲዮ ተቀምጦ መሞካከር የለም። አስቀድመው በደንብ ተለማመዱና ቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር»ን ወደ ቀረጹበት የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ገቡ። የዘመኑ መቅጃ አራት ትራክ ብቻ ስለነበረው እያንዳንዱ ድምፅ ቦታው ታስቦበት ነው የሚገባው። ኮሊን ብላንስቶን በዚያ ለስላሳ ድምፁ ይዘፍናል፤ መሃል ላይ መሣሪያዎቹ ዝም ይሉና የወንዶቹ ድምፅ ብቻ ተደራርቦ ይሰማል። እኔን የያዘኝ እዚያ ጋ ነው።

ዘፈኑ በ1967 መጨረሻ በሸክላ ወጣ፤ አልተሸጠም። ቡድኑም ወዲያው ፈረሰ። ከዚያው አልበም «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» በ1969 አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ «ዞምቢስ» የሚባል ቡድን አልነበረም።

እኔ ይህን ዘፈን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ታላቅ ወንድሜ በታሰረ ጊዜ የቤታችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። እናቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ላሟ ወለደች፣ አጥሩ ታደሰ፣ አልጋህን በመስኮቱ በኩል አዞርነው፣ ስትመጣ ፀሐይ ታገኛለህ። ስለ ለቅሶዋ አንድም ቃል የለም። «እማ፣ እንደናፈቀሽ ልጻፍለት?» ስላት «እሱንማ ያውቀዋል። የማያውቀውን ንገረው» አለችኝ።

የአርጀንት ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው ስለ ወንጀሉ አይጠይቅም፣ አይወቅስም፤ የሚያወራው ስለሚመጣው ቀን ነው። በክፍል ውስጥ «የቃናና የይዘት ተቃርኖ» ብለን የምንማረውን እናቴ ሳትማር ታውቀው ነበር። በዚያ ደስ በሚል ዜማ ውስጥ ፍርሃት ያለ ይመስለኛል፤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚመለሰው ሰው ያው የሄደው ይሆን እያለ ይሰጋል።

ወንድሜ ሲፈታ ደብዳቤዎቹን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ቤት እንደገባ መጀመሪያ ያየው አልጋውን ነው።