የሚጠብቀን ማን ነው?

አንድ ግጥም ሁለት ፍች ሲኖረው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል መምህርን ቶሎ የሚያስት ነገር ነው። እኛም በዚህ ተሰናክለን ያገኘነውን ትምህርት ምናልባት ለቤተ ሰቦቻችሁ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጽፋለን።

ግጥሙ የአሜሪካዊው የሪቻርድ ብራውቲጋን ነው። እርሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በጥር ወር በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በእንግዳ ባለቅኔነት ተቀምጦ ነበር፤ ግጥሙም በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ ታትሞ ለሕዝብ በነጻ ታደለ። በሦስቱ አንጓዎቹ አራዊትና ኮምፒዩተሮች በሰላም አብረው ሲኖሩ፣ ሰውም ከድካሙ ዐርፎ ወደ ፍጥረት ሲመለስ፣ ሁሉንም መሣሪያዎች በፍቅር ሲጠብቁ ያሳያል። ለመሣሪያዎቹም ጸጋን ይሰጣቸዋል።

ይህን ግጥም ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አስተምረን ስናበቃ፣ «ገጣሚው መሣሪያን ያወድሳልን ወይስ ይሳለቅበታል?» ብለን ፈተንናቸው። በልባችን የያዝነው መልስ ስላቅ የሚል ነበር። በቅኔ ቤት ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ስለ ለመድን፣ ውዳሴው ሰም፣ ስላቁ ወርቅ መሰለን። አዳም ገነትን እንዲጠብቅ ተሾመ፤ በዚህ ግጥም ግን ጠባቂው ራሱ ተጠባቂ ሆነ፤ ይህን ከልቡ የሚመኝ ማን ነው? አልን። አንድ ተማሪ ግን «አያወድስም፣ አይሳለቅምም፤ ይለምናል» ብሎ ጻፈ። ከጥያቄው ወጥቷል ብለን ዜሮ ሰጠነው።

በዚያው ዓመት በሌላ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩት እናታችን ሌሊት ወድቀው እስኪነጋ ድረስ የሚያነሣቸው አጡ። በአሜሪካ ያለው ወንድማችን ደንግጦ ካሜራ ላከ፤ እኛም በግድግዳቸው ላይ ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ በስልካችን ቀንና ሌሊት እናያቸው ጀመር። አንድ ማታ ዳግመኛ ሲወድቁ አይተን ለጎረቤት ደወልን፤ ወዲያውም ተነሡ። ስለዚህ ዕቃውን አመሰገንነው።

ነገር ግን ቀድሞ በየሁለት ሳምንቱ እንጠይቃቸው የነበርነው ልጆች፣ በየቀኑ አየናቸው እያልን ሁለት ወር ሙሉ ሳንሄድ ቀረን። አንድ ቀን ካሜራው ጨለመብን። ደንግጠን ብንደውል፣ «በነጠላዬ ሸፍኜው ነው» አሉን። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ያየኛል፤ እኔ ግን አንተን አላይህም።»

በዚያች ሌሊት ግጥሙን እንደ ገና አነበብነው። ገጣሚው በየአንጓው መካከል በቅንፍ አንዳንድ የጥድፊያ ቃል ያስገባል፤ ጥድፊያውም ወደ መጨረሻው እየበረታ ይሄዳል። ቀድሞ እንደ ፌዝ ያለፍነው ይህ ነበር። ያገኘውን የሚያወድስ ሰው ግን አይጣደፍም፤ የሚሳለቅም አይማጠንም። እንዲህ የሚናገር ጠባቂ ያጣና የደከመው ሰው ነው። ያን ጊዜ የኔታ ስለ ኅብር ያስተማሩን ትዝ አለን፤ በኅብር አንዱ ቃል ሁለቱን ፍች ይዞ ይኖራልና አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማቅለጥ አያስፈልግም። ብቸኝነትን የሚፈራና መሣሪያን የሚፈራ ልብ አንድ ልብ ሊሆን ይችላል። የእናታችንም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ካሜራው ከወደቁበት አስነሥቷቸዋል፣ እኛንም ከደጃቸው አስቀርቶናል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

በማግሥቱ ያን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት አስነሥተን መልሱ ከእኛ ፍች የተሻለ እንደ ነበረ ተናገርን፤ ነጥቡንም አስተካከልን። ቅዳሜም ወደ እናታችን ሄድን። ካሜራውን አላወረድነውም፤ ነጠላውን ግን እርሳቸው ራሳቸው አነሡለት። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እንሄዳለን።